ዳቦው ሳይቆረስ

እማሆይ አመተ ሥላሴ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ዓለምነው ብድግ አለ። ክንዳቸውን ይዞ "ይተዉ፣ ግድ የለም" አላቸው። መነኩሲቷ ትሕትና መሰላቸውና ጭራሽ መረቁት።

ዛሬ የማርያም ጽዋ ተራው የእናቱ የወይዘሮ የብርጓል ነው። ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ቤታቸው በማኅበርተኛ ጢም ብሏል። ልጃቸውን በቄሱ ቦታ፣ ጋቢ በተነጠፈበት መደብ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ለምን ጥምጥም እንዳላደረገ ለጠየቃቸው ሁሉ "መንገደኛ አይደል" እያሉ መልሰዋል።

ዓለምነው ግን ቄስ አይደለም። ከቅኔ ቤት የኔታን ሳይሰናበት ጠፍቶ አዳማ ገባ። እዚያ ባጃጅ ይነዳል፤ ያለ ቁርባን ካገባት ሴት ሶልያና የምትባል ልጅ አለችው። እናቱ በስልክ "መቼ ነው የምትቀድሰው?" እያሉ ሲጨቀጭቁት፣ ቅር እንዳይላቸው አንድ ቀን "ተክኛለሁ" አላቸው። ከዚያ ወዲያ ውሸት ውሸትን እየሳበ ሄደ። አባቱ ሲሞቱ እንኳ "ደብሩ አለቀቀኝም" ብሎ ቀርቷል። የቀረው ግን የአባትህን ፍትሐት አድርስ ይሉኛል ብሎ ፈርቶ ነው።

የማኅበሩን ዳቦ የሚባርኩት ቄስ ገዳሙ ለቀብር ይጁቤ ሄደው ዘገዩ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ደመላሽ፣ ቄስ አጠገባቸው ተቀምጦ ሌላ ቄስ መጠበቃቸው ደግ እንዳልሆነ ተናገሩ። ቤቱ ሁሉ ለጸሎት ተነሣ። እናቱ የዳቦውን ልብስ ገለጡ፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል። ዓለምነው ሊያያቸው አልቻለም። ጥቂት ቃል ቢያነበንብ ማንም አይነቃበትም፤ ግዕዙ ገና አልጠፋውም። እሱ ግን ከዳቦው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

"መባረክ አልችልም" አለ። "አልተካንሁም። እናቴን ዋሽቻት ነው።"

እናቱ ዳቦውን መልሰው ሸፈኑ።

"ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አሉት፣ ቀና ብለው ሳያዩት።

"ለብቻሽማ ስዋሽሽ ነው የኖርሁት፣ እማዬ።"

አቶ ደመላሽ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቄስ ገዳሙ እስኪመጡ እንደሚጠብቁ ተናገሩና ተቀመጡ። ሰዉም ተቀመጠ። በሩ ክፍት ነው፤ መንገዱ ዳር ቢደርስ ወደ ማርቆስ የሚሄድ መኪና አያጣም። እግሩ ወደዚያው ከጅሎ ነበር። ግን ወደ ጓዳ ገብቶ ማስታጠቢያና ፎጣ ይዞ ወጣ፤ እንደ ማንኛውም የቤት ልጅ ጎንበስ እያለ ማኅበርተኛውን ያስታጥብ ጀመር። ግማሹ ዝም ብሎ ታጠበ፤ ግማሹ ፊቱን አዙሮ ታጠበ።

መጨረሻ ላይ እናቱ ዘንድ ደረሰ። እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም። ዓለምነው ማስታጠቢያውን እንደያዘ፣ እንዳጎነበሰ፣ ይጠብቃቸው ጀመር።