የቲያ ዓሦች

ጊሊያን የመስታወቱን ሳህን በጣቷ ጫፍ መታ መታ አደረገችው። ከሽፋሽፍት የማይረዝሙት የዓሣ ጫጩቶች ትናንት እንዲህ ሲነኩ ውኃውን ሰንጥቀው ይሸሹ ነበር። ዛሬ አንዱም አልተነቃነቀም። በአጉሊ መነፅር ስታያቸው ልባቸው ቆሟል።

"ሲዮኔ፣ ውኃውን ቀይረሃል?"

"ቀይሬያለሁ" አለ ዓሦቹን የሚያረባው ሲዮኔ ከኋላዋ ቆሞ። "በዚያው ውኃ ሌላ ሳህን ላይ ያሉት፣ መድኃኒት ያልተሰጣቸው ጤነኞቹ እኮ እየጨፈሩ ነው። መድኃኒቱ ነው፣ ጊል።"

ታውቀዋለች። ሴል ፕሮቲን የሚሠራው መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚባለውን ትእዛዝ እያነበበ ነው። ትእዛዙ መሃል ላይ ያለቦታው "ቁም" የሚል ምልክት ከገባ፣ የሴሉ ዘበኛ ስህተቱን ይለይና ትእዛዙን ቆራርጦ ይጥለዋል። የጊሊያን የወንድም ልጅ ቲያ ጡንቻዋ የሚከሳው እንዲህ ባለ አንድ "ቁም" ነው። እነዚህ ዓሦችም ያንኑ ስህተት ይዘው እንዲወለዱ ተደርገዋል። ዘበኛውን የሚያስር መድኃኒት ቢገኝ ጎዶሎውም ትእዛዝ ተርፎ ይነበባል፣ ግማሽ ፕሮቲን ከምንም ይሻላል ብላ ጊሊያን ዕድሜዋን እዚህ ፈጀች።

ዘበኛው ከእርሾ እስከ ሰው አለ። እርሾ እሱ ቢታሰርበትም ይኖራል፤ ጊሊያንን ያበረታትም ይኸው ነው። እንስሳት ግን በረጅም ዘመናቸው ዘበኛውን ብዙ ሌላ ሥራ አስለምደውታል፤ እሱ ሲታሰር ቤቱ ሁሉ ይናዳል። ይህን ለተማሪዎቿ ራሷ አስተምራዋለች። ቢሆንም በትንሹ ባስረውስ ብላ ነበር። ተስፋ የያዘው ሰው ያስተማረውንም ይረሳል።

በዚያ ላቦራቶሪ የዓሣ ሙከራ ወሬ ሳምንት ሳይሞላው ከበር አይወጣም። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። ትናንት ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ጠማማ ዓሦች ተቃንተው ሲዋኙ ብታይ አላስቻላትም፤ ቪዲዮ ቀርጻ ለቲያ አባት፣ ለወንድሟ ለክሬግ ላከችለት። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይላሉ። እሷ ያፈሰሰችው የሚለቀም አልነበረም።

ስልኩ ጠራ።

"ደርሰናል፣ መኪና እያቆምኩ ነው" አለ ክሬግ። "ቲያ ዓሦቿን ካላየሁ ብላ ትምህርት ቤት እንኳ አልሄደችም።"

"ክሬግ፣ ዛሬ ባትመጡ…"

"ደርሰናል እኮ ነው የምልሽ። ደግሞ ስሚኝ፣ የማክሰኞውን የጀርባ ቀዶ ጥገና አልፈልግም ብላለች። መድኃኒቱ ሲመጣ ራሱ ይቃናል ነው የምትለው። እውነቱን ንገር ካልሽኝ እኔም ተገላገልኩ። ያንን ቢላ ሳስበው ስንት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ።"

ጊሊያን ስልኩን ዘጋች። ቀዶ ጥገናው ቲያን አያድናትም፤ የጎበጠው ጀርባዋ ሳንባዋን እንዳይጫነው ብቻ ያደርጋል። ቢዘገይ ግን ትንፋሿ እያጠረ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚደፍር ሐኪም አይገኝም።

ሲዮኔ የሞቱትን ገፋ አድርጎ የጤነኞቹን ሳህን አጉሊ መነፅሩ ሥር አስቀመጠ።

"ዛሬን ብቻ" አለ። "ነገ ትነግሪያታለሽ።"

ጊሊያን ሳህኑን ለመመለስ እጇን አላነሳችም።

ቲያ ባለሞተር ተሽከርካሪ ወንበሯን እየነዳች ቀድማ ገባች። ክሬግ የኬክ ካርቶን አቅፎ ከኋላዋ ተከተላት።

"የታሉ ዘመዶቼ?" አለች ቲያ። "አክስቴ፣ ምነው ፊትሽ? ከእኔ የባሰ የታመምሽ ትመስያለሽ።"

ሲዮኔ ጠረጴዛውን ዝቅ አደረገላት። ዓይኗን መነፅሩ ላይ አድርጋ ሳቀች።

"አባዬ፣ ይሄኛውን እየው! ልክ አንተ መኪና ስትነዳ። ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚላተመው።"

ክሬግ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንባውን እንዳታይበት ነው።

"በቃ" አለች ቲያ ቀና ብላ፤ "ማክሰኞ አልመጣም ብዬ ልደውልላቸው። አይደል አክስቴ?"

አዎ ብትላት ይህች ልጅ ቢያንስ አንድ ሳምንት ትስቅ ነበር። ጊሊያን ሳህኑን ሳበችና ሌላኛውን አስገባች።

"ያንቺ እነዚህ ናቸው።"

ቲያ ረጅም ጊዜ አየች። "ተኝተው ነው?"

"ሞተዋል።"

"ትናንት እኮ ይዋኙ ነበር!" አለ ክሬግ።

"ዋኝተው ነበር። መድኃኒቱ ነው የገደላቸው። ሳላረጋግጥ ላኩልህ።"

"ሌላ መድኃኒትስ?" አለች ቲያ ዓይኗን ሳታነሳ።

"የለኝም፣ የኔ ልጅ።"

ክሬግ ካርቶኑን እንዳቀፈ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቲያ ወንበሯን ወደ በሩ አዞረች።

"አባዬ፣ ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነበር ያሉን?"

"ጠዋት አንድ ሰዓት።"

"እንሄዳለን።" በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሐኪም ቤት በተኛች ቁጥር እጇን የምትይዛት ጊሊያን ነበረች። "አክስቴ፣ አንቺ ግን እንዳትመጪ።"

"እሺ" አለች ጊሊያን።