አርባ ስምንት የባሕር ፋኖስ

አቶ ገብረሕይወት ከአሳ ጋር ጠብ የገጠሙት በስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ያውም ዋና ሳይችሉ።

ጠቡ የመጣው በልጅ ልጃቸው በሰሎሜ በኩል ነው። ሰሎሜ እስከ አሥር ዓመቷ ድረስ ያደገችው እዚሁ አትላንታ አጠገብ ባለችው ታከር፣ እሳቸው ቤት ነበር። በፈረንጆቹ 2014 እናቷ የምሥራች ዴንቨር የተሻለ የነርስነት ሥራ አገኘችና ይዛት ሄደች። ልጅቷ ግን ከመሄዷ በፊት አያቷን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ አንድ ጨዋታ አስተምራቸው ነበር። በዚያ ጨዋታ ዓለሙ በሙሉ ከድንጋይ፣ ከአፈርና ከእንጨት ጡብ የተሠራ ነው፤ ጡቡን ቆፍሮ ያወጣ ሰው ያሻውን ቤት ይሠራበታል። ይርበዋል፣ አውሬ ይበላዋል፣ ይሞታል፣ ደግሞ ይነሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አያት ስልካቸውን ስፒከር ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩትና፣ እሳቸው ከታከር እሷ ከዴንቨር እዚያ ዓለም ውስጥ ይገናኛሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንደ ሰው የሚያወሩባት ቀን ይህቺ ብቻ ነበረች። በቀሩት ቀናት ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ሲያመላልሱ ውለው፣ «ዌልካም ቱ አትላንታ» እና «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብቻ ብለው ነው ቤታቸው የሚገቡት።

የሰሞኑ ነገር ግን አላማራቸውም። ሰሎሜ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። ከአራት ቅዳሜ በአንዱ አረፈደች፣ ሁለቱን ጭራሽ ቀረች፣ በአራተኛው መጥታ ባሕር ዳር የጀመረችው የመስታወት ቤት እንደሰለቻት ነገረቻቸው።

«ላይክ፣ የባሕር ፋኖስ ካላገኘሁ አያልቅም፣ አባባ። ፎርቲ ኤይት ያስፈልገኛል። ቱ ሃርድ ነው። አይ ማይት ጀስት ኩዊት።»

«ኩዊት» የምትለዋ ቃል አስደነገጠቻቸው። ጨዋታውን ከተወች በምን ያገኟታል? እንዲያው ሲደውሉላት «ሃይ አባባ፣ ደህና ነኝ፣ ባይ» ነው።

«እኔ አመጣልሻለሁ» አሉ፣ ፋኖሱ የት እንደሚገኝ እንኳ ሳያውቁ።

የሚገኘው ከባሕር ወለል ላይ፣ አንድ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ ነው። ጠባቂዎቹ ባለ አንድ ዓይን እሾሃማ አሳዎች ናቸው፤ በዓይናቸው ብርሃን ያቃጥላሉ። ሦስቱ ግዙፎች ደግሞ ገና ከሩቅ የሰው ክንድ ያዝላሉ፤ ክንዱ የዛለ ሰው ወተት ካልጠጣ ዶማው አይታዘዘውም። አቶ ገብረሕይወት ወተቱን በባልዲ ይዘው ወረዱ። ዓርብ ቀን ግን አልጠጣም አሉ። ጨዋታ እኮ ነው ብሎ የሚከራከራቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም፤ ጾማቸውን እንደጠበቁ በአሳ ተቃጥለው ሞቱ።

ሃያ ሁለት ጊዜ ሞቱ። በሞቱ ቁጥር የያዙት ሁሉ ባሕሩ ስር ይበተናል፤ ተመልሰው ሲወርዱ የለም። ውሃ ወሰደው ብለው ያልፉታል። ሥራ ቦታ ወንዳፍራሽ የሚባለው ሾፌር «ምነው ዓይንዎ ቀላ፣ ጋሼ?» ቢላቸው «አሳ ነው» ብለውት አረፉ። ሰውየው አለርጂ መስሎት ክኒን ሰጣቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ግዙፎቹ አለቁ። ፋኖሱ በተራ ዶማ ከተመታ ይንኮታኮታል፤ ስለዚህ ድግምት ባለበት ዶማ፣ እንቁላል እንደሚለቅም ሰው፣ አንድ በአንድ አነሱት። አርባ ስምንት ሞላ።

ቅዳሜ ሰሎሜ መጣች። እሷ የመስታወት ቤቷ ፎቅ ላይ ሳለች እሳቸው ደጃፉ ደረሱ። እንግዲህ ያደጉበት ወግ አለ፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፣ የያዙትንም «እዩልኝ» ብሎ መስጠት ነውር ነው። ከበሩ ጥግ ቀስ ብለው ያኖሩትና፣ ምንም እንዳላመጣ ሰው ሰላምታ ይጀምራሉ። አቶ ገብረሕይወትም ፋኖሶቹን ከደጃፉ ጥግ ጣል አድርገው ፈቀቅ አሉ፤ ባመጡት ነገር ላይ እንዳያፈጡም ፊታቸውን ወደ ፎቁ አዞሩ።

«እንዴት ሰነበትሽ የኔ እናት? ጉሮሮሽ ተሻለሽ?»

«ያ፣ ደህና ነኝ።»

«እናትሽስ? የማታ ፈረቃውን ተወች? ጎረቤታችሁ፣ ወገቧን የሚያማት ሴትዮስ? ያቺ የተጣላሻት ልጅስ?»

ስለ ልጅቷማ ረዘም አድርጋ አወራቻቸው። እንዴት እንደታረቁ፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ ሁሉ። አቶ ገብረሕይወት ደስ አላቸው። በመጨረሻ ሳቃቸውን አፍነው «እስቲ ወደ ደጅ ውጪ» አሏት።

ወጣች። «ምንድን ነው?»

ዞር ብለው አዩ። ሣር ብቻ ነው።

«እዚህ አስቀምጬው ነበር! አርባ ስምንቱንም!»

«መሬት ላይ? ኖ፣ አባባ! መሬት ላይ የተጣለ ነገር ፋይቭ ሚኒትስ ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ ይጠፋል። ለምን መጀመሪያ አልሰጠኸኝም?»

«ደህንነትሽን ሳልጠይቅ እንዴት እሰጥሻለሁ?» አሉ፣ የምራቸውን ግራ ገብቷቸው።

ሰሎሜ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። «ኢትስ ኦኬ» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቮሊቦል ጀምሬአለሁ፣ ሶ ብዙ አልገባም። ኔክስት ታይም ግን መጀመሪያ ስጠኝ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ባሕሩን አቋርጠው ሌላ ሕንጻ ፈለጉ። አምስት ቅዳሜ ሙሉ ብቻቸውን ወረዱ፣ ብቻቸውን ሞቱ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ የሚጠራው የለም። አርባ ስምንቱ ዳግመኛ በሞላ በሳምንቱ ግን ጮኸ።

«አሥር ደቂቃ ብቻ አለኝ፣ አባባ።»

ከስህተታቸው ተምረዋል። ሰላም እንኳ ሳይሏት ሮጠው አጠገቧ ደረሱና አርባ ስምንቱንም እፊቷ ወረወሩት። «ኦ ማይ ጋድ!» ብላ ጮኸች። እየተሯሯጠች ትተክል ጀመር። እሳቸው ጥግ ይዘው ቆሙ፤ ሊያወሯት ያሰቡት ነገር አፋቸው ላይ እየመጣ፣ ሥራ እንዳያስፈቷት ብለው መለሱት። የመጨረሻው ሲተከል ቤቱ ቦግ አለ።

«ታንክ ዩ፣ አባባ! ተጨረሰ! ቮሊቦል የሚወስደኝ ራይድ መጥቷል፣ ሎቭ ዩ፣ ባይ!»

ስልኩ ተዘጋ።

ቤቱ ያምር ነበር። ብርሃኑ በመስታወቱ አልፎ ባሕሩ ላይ ተኝቷል። አቶ ገብረሕይወት መሃሉ ላይ ብቻቸውን ቆመው አዩት። ቤቱ አልቋል፤ ከእንግዲህ ሰሎሜ ከሳቸው የምትፈልገው ነገር የለም። ጉሮሮዋን፣ እናቷን፣ ያቺን ልጅ፣ አንዱንም አልጠየቋት። ወደተዘጋው ስልክ ጎንበስ አሉና «ለመሆኑ ደህና ሰነበትሽ?» አሉት።