ደጅይጥኑ የሚባሉት ሦስቱ

የካቲት ሰባት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ግንበኛው አያ ደጅይጥኑ አረፉ። ደመቀች ሰዓቱን አትረሳውም። የግድግዳ ጎረቤት ስለሆነች ቀድማ የተጠራችው እሷ ናት፤ ዓይናቸውን የከደነችውም እሷው ናት።

ደመቀች በሰቆጣ ስመ ጥር አልቃሽ ናት። ሙሾ ማንም አላስተማራትም። የእናቷን ሞት በራሷ ቃል አለቀሰች፣ የሰማ ሁሉ ይጠራት ጀመር፣ በዚያው ሥራዋ ሆኖ ቀረ። ራሷ ያመጣችው ወግም አላት። አስከሬኑ ለቅሶ ሜዳው ላይ እንዳረፈ የሟቹን ልጆች አንድ በአንድ ከነአባታቸው ስም ትጠራለች። የተጠራው «አቤት» ብሎ ይነሣል፣ ወደ አስከሬኑ ይቀርባል፣ እሷም ሙያውን እያነሣች ታለቅስለታለች። የተጠራው ካልተነሣ ሙሾው አይቀጥልም። ከተማው ይህን ለምዶታል።

ደጅይጥኑ የሚል ስም በዋግ እምብዛም አይሰማም። በሰቆጣ ግን የማያውቀው የለም፤ ያስታወቁትም ሦስት ሰዎች ናቸው። ምንዋጋው ደጅይጥኑ ዳኛ ነው። ወንድማማቾች በመሬት ሲጣሉ ድንበራቸው ድረስ በእግሩ ሄዶ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ተናግረው እስኪወጣላቸው ይሰማል። ይሄይስ ደጅይጥኑ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንኛ፣ በሬዲዮ የሚናገረው ነው። ድምፁ ሲሰማ የሚያርስ ሰው እንኳ በሬውን ያቆማል ይባልለታል። የትናየት ደጅይጥኑ አዋላጅ ናት። አንድ ክረምት እዚያው ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ላይ ወንዝ ሞልቶ አላሻግር ሲላት፣ ከወዲህ ማዶ ቆማ እየጮኸች፣ ከወዲያ ያሉትን ሴቶች እየመራች አንዲት ወላድ በሰላም አገላግላለች።

ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አንድ የቢሮ ሠራተኛ የሦስቱ መልክ እንደማይመሳሰል አይቶ፣ «ኧረ ለመሆኑ ሰውየው ስንት ሚስት ነበራቸው?» ብሎ ነበር። አንድም አልነበራቸውም።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ እህል ፍለጋ ወደ ከተማው ከጎረፈው ሕዝብ መካከል፣ ሰው ያለቀባቸው ሦስት ልጆች ደጅይጥኑ በሚገነቡት ግንብ ጥላ ሥር ተጠግተው ቀሩ። አጎረሷቸው። ሲመሽ ቤታቸው አስገቧቸው። ሲነጋ የሚጠይቃቸው አልመጣም። ትንሿ አፏን እንኳ ስላልፈታች የትናየት ያሏት እሳቸው ናቸው። እሷ እስክትደርስ ጠብቀው ሦስቱንም በአንድ ቀን ትምህርት ቤት ወሰዷቸው። የአባት ስም ሲጠየቅ ምንዋጋውም ይሄይስም የወላጆቻቸውን ስም ያውቁ ነበር። የትናየት ግን አታውቅም። ምንዋጋው ሊናገር አፉን ከፈተና እሷን አይቶ ዘጋው። ደጅይጥኑ ይህን አዩ። «የሦስቱም አባት እኔ ነኝ» አሉ።

ከትውልድ ቀያቸው ከፃግብጂ ዘመድ እስኪደርስ ተብሎ ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። የደረሰውም የሟቹ የወንድም ልጅ ምሳው ነው። አልቅሶ ፊቱን እንደጠረገ ደመቀችን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራት።

«እትዬ ደመቀች፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ምን ልጄ?»

«አጎቴ አልወለዱም። ሦስቱን ማሳደጋቸው ጽድቅ ነው፣ ማንም አይክደውም። ለቅሶ ሜዳ ላይ ግን የሚጠራው ዘር ነው። በየወላጆቻቸው ስም ይጥሯቸው።»

«ቤቱን ይወስዱብኛል ብለህ ነው?»

«ኧረ ቤቱን ይኑሩበት! ስለ ቤት ማን አወራ? እኔ እዚህ ቆሜ የአያቶቼ ስም ለሌላ ሰው ሲታደል ዝም ካልኩ፣ ፃግብጂ ምን ብዬ እገባለሁ?»

«የትናየትስ? የአባቷን ስም የሚያውቅ ሰው የለም እኮ።»

ምሳው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «እሷን እንግዲህ… ይለፏት።»

ደመቀች ልትሰድበው ፈለገች፤ አልቻለችም። የቅርብ ሥጋው እሱ ነው፤ አስከሬን አስቀምጦ ጠብ ማንሣት ደግሞ ለሟቹ ውርደት ነው። ሄዳ ለሦስቱ ነገረቻቸው። የትናየት የአባቷን ቱንቢ፣ ግንብ ቀጥ ማለቱን የሚለኩበትን ባለ ክር እርሳስ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች።

«እኔ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ ማለት ነው?» አለቻት።

«እኔ እንጃ ልጄ። ምን እንደምል አላውቅም።»

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። የዝቋላ ሴቶች የትናየት ያዋለደቻቸውን ልጆች አዝለው መጥተዋል። ደመቀች ከመሐል ቆማ ነጠላዋን አጠበቀችና እንደ ምሳው ልመና በወላጅ አባት ስም ተጣራች፦

«ምንዋጋው ገብረ ሊባኖስ!»

የሚነሣ ጠፋ።

«ማነው ደግሞ እሱ?» አለ አንዱ።

«እንጃ፣ ከፃግብጂ የመጣ ይሆናላ።»

ደግማ ጠራች። ምንዋጋው አንገቱን እንደደፋ፣ እጁን የትናየት ትከሻ ላይ እንዳኖረ ተቀምጧል። ደመቀች ያን እጅ አየችና ሐሳቡ ገባት። እሱ ከተነሣ ይሄይስ ይነሣል፤ ከዚያ የትናየት ያለ ስም በሰው ፊት ብቻዋን ትቀራለች።

መሪጌታው ተጠግተው፣ «እትዬ፣ ፀሐይዋ በረታች፤ ምን እየጠበቅን ነው?» አሉ።

«ልጅየው አልተነሣም፤ እኔም ወጌን አላፈርስም» አለች፣ ምሳውን ትክ ብላ እያየች።

የሕዝቡ ዓይን የእሷን ዓይን ተከትሎ ምሳው ላይ አረፈ።  ምሳው አንዴ ምንዋጋውን፣ አንዴ አጎቱ የተኙበትን አልጋ ያያል። በመጨረሻ አልቻለም፣ ብድግ አለ።

«አንተ ምንዋጋው ደጅይጥኑ! አባትህ ፀሐይ ላይ ተኝተው እያየህ አትነሣም እንዴ!»

«አቤት!» ብሎ ምንዋጋው ተነሣ።

 ከሴቶቹ በኩል ሳቅ የቀላቀለ ለቅሶ ተሰማ። ምሳው አፉን በእጁ ያዘ።

«እንደለመድኩት ነው እኮ የጠራሁት» አለ አጠገቡ ለቆመው ሽማግሌ።

«እኛስ የለመድነው በዚሁ ስም አይደል? በል ቁጭ በል አሁን።»

ደመቀች ጊዜ አልሰጠችውም። «ይሄይስ ደጅይጥኑ!» ይሄይስ ተነሣ። «የትናየት ደጅይጥኑ!» የትናየት ቱንቢውን እንደያዘች ተነሣች፤ የዝቋላ ሴቶችም ሳይጠሩ አብረዋት ተነሡ። ደመቀች ያኔ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«ግንቡንስ አቆምከው በቱንቢ ለክተህ፣
ሰውን በምን ሠራህ እንዲህ አቃንተህ?»

ከቀብር መልስ ምንዋጋው መንገድ ላይ ደረሰባት። «ወላጄን የካድኩ እንዳይመስልዎት፣ እትዬ። በየዓመቱ ቤቴ አስበዋለሁ።»

«አውቄያለሁ ልጄ። እጅህን አይቼዋለሁ።»

ምሳው ሰልስቱን ውሎ ወደ ፃግብጂ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ለገበያ ሲመጣ የሚያድረው የትናየት ቤት ነው።