ከሚያዝያ ወደ ኅዳር

"ቀኑ ነው የሚቀየረው፣ ሌላ ምን አለበት?" አሉ ጋሼ አበጋዝ፣ በራሪ ወረቀቱን ፀሐይነሽ ጭን ላይ ጣል አድርገው። "የከተማው ምርጫ ከሚያዝያ ወደ ኅዳር ይዛወራል፤ ወጪ ይቀንሳል፣ መራጭም ይበዛል። ሶ፣ ማክሰኞ ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ፣ ቻርተሩ፣ የከተማው መተዳደሪያ ደንብ ማለቴ ነው፣ ይሻሻል፣ የስ ትያለሽ፣ አለቀ።"

ፀሐይነሽ ፌርፋክስ ላይ ካለው፣ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ዳግም ትንሣኤ ነው፤ የጋሼ አበጋዝ ሳሎን በስደተኛ አበሻ ተሞልቷል። ወረቀቱን ማንበብ አላስፈለጋትም። የምትኖርበት ሕንፃ በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን የከተማዋ ምክር ቤት ወስኗል። ተከራዮቹ ደጅ ለደጅ ሲዞሩ የከረሙት ከሐምሌ በፊት ሚያዝያ ስለሚመጣ ነበር፤ አባላቱን በምርጫ አውርደው ውሳኔውን ሊያሰርዙ። አሁን ሚያዝያን ሊወስዱባቸው ነው፤ ኅዳር ሲደርስ ሕንፃው ፈርሶ ይጠብቃቸዋል።

"እስከ ኅዳር ማን ያስተዳድራል?"

"ያሉት ናቸዋ። ለጊዜው።"

‹ለጊዜው› የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ሥልጣን የያዙት ወታደሮችም ‹ጊዜያዊ› ነን ብለው ነበር የተቀመጡት፤ ይኸው አራተኛ ዓመታቸው፣ ወንድሟም እንደታሰረ ነው።

"ጋሼ፣ የእኔ ቤት የሚፈርሰው እኮ ለጊዜው አይደለም።"

ጋሼ አበጋዝ ሳቁ። የቤት ደላላ ናቸው፤ አገር ቤት መመለስ ሲያቅታት ዋስ ሆነው እስከ ዜግነት ድረስ ወረቀቷን ያስጨረሱላትም እሳቸው ናቸው። ቤት ሞልቶ፣ ለአንቺማ አላጣም አሏት። ከእሷ በላይ ፎቅ ላይ ያሉት አሮጊትስ ብትላቸው፣ ለሰው ሁሉ ማልቀስ ትወጃለሽ ብለው ነገሩን ዘጉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስሚኝ ልጄ። ነገ አንዳችን ሱቅ ልክፈት ብንል የማንን በር ነው የምናንኳኳው? ለምክር ቤቱ ሰዎች፣ ያበሻ ድምፅ በሙሉ የስ ነው ብያቸዋለሁ።"

"የእኔንም ጨምረው?"

"አንቺ ልጄ አይደለሽ?"

በሕይወቷ ድምፅ ሰጥታ አታውቅም፤ አገሯ ላይ የጠየቃት አልነበረም። የማክሰኞው የመጀመሪያዋ ነው። እሱንም ሳትሰጠው ሰጡላት። 

ባለቤታቸው እትዬ ኤልፍነሽ የማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዘው ከዳር ጀመሩ። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ አዜብ እጇን ታጥባ፣ ውኃውን እያራገፈች ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

"ዝም ብለሽ ብዪ። ማክሰኞ መጋረጃው ውስጥ ስትገቢ ማን ያይሻል? ዶሮው ቮት አያደርግም።"

እውነቷን ነው፤ ማንም አያያትም። ግን ዛሬ እዚህ ማዕድ ላይ እጇን ከታጠበች ጋሼ እሺ አለች ብለው ይቆጥሯታል። ማክሰኞ እንቢ ብትል ደግሞ የሰው እንጀራ በልታ የካደች ትሆናለች። ሁለቱንም አልፈለገችም።

እትዬ ኤልፍነሽ ፊቷ ቆመው ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አደረጉ። ፀሐይነሽ እጇን አልዘረጋችም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ አልበላም። ማክሰኞ ኖ ነው የምለው።"

 ጋሼ አበጋዝ የያዙትን ፎጣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እትዬ ኤልፍነሽ ማንቆርቆሪያውን አቅንተው ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፉ።

ተነስታ ትወጣለች ብለው ሁሉም በሩን አዩ። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ገበታው አስጠጋች። የመጨረሻው ሰው በልቶ እስኪጠግብ፣ ደረቅ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጠች።