አልይዝ ያለው ክሩዝ

ሆሊስና ሚስቱ ኦፓል መሬት ላይ የተተከለውን ቤታቸውን ሸጠው ጎማ ያለው ቤት ከገዙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፋቸው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ሁሉም ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ተደርድሯል። የብርዱን ወራት አሪዞና በረሃ ላይ ያሳልፉና ሙቀቱ ሲመጣ ወደ ሞንታና ይሸሻሉ። መሸሽ ደግሞ ግድ ነው። በዚያ ሙቀት እንሽላሊት እንኳ ከሰው ደጃፍ ቆማ ጫማ ትለምናለች።

ዘንድሮ ለጉዞው አራት ቀን ሲቀር ክሩዙ አስቸገረ። ክሩዝ ማለት ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው አንስቶ ፍጥነቱን ለመኪናው አደራ የሚሰጥበት ነገር ነው። ሆሊስ መሪው ላይ ያለውን መጫኛ ሲጫን ይይዝለታል፣ አፍታ ሳይቆይ ይለቀዋል። ደግሞ ይጫናል፣ ደግሞ ይለቀዋል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዘጠኝ መቶ ማይል ሙሉ ነዳጅ እየረገጠ መሄድ ጉልበቱ እንደማይችል ራሱም አይክድም። ኦፓል የምትነዳው ከኋላ ታስራ የምትጎተተውን ትንሿን መኪና ብቻ ነው፤ ያንን ጎተራ የሚያህል ነገር ነድታው አታውቅም። ሆሊስ ካልነዳ ቤታቸው ቤትነቱ ቀርቶ በረሃ ላይ የቆመ ቆርቆሮ ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ በውስጡ የሚጠበሱ ሁለት አዛውንቶች።

ጎረቤታቸው ደልበርት ተጠራ። ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ግን እውነት ከወጣው ታሞ ይተኛል። መጀመሪያ ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ቀጥሎ ከሞተሩ የሚወጣውን የአየር ቱቦ ዳበሰ፤ የበረሃ አይጥ ጫፉን ቆርጥማው አገኘ። ቀየረው። እግረ መንገዱንም የእሱን ቱቦ የበላችው አይጥ ነዳጅ ሆዷ ገብቶ እስከ ካሊፎርኒያ እንደሮጠችና ፖሊስም ከልክ በላይ ሮጠሻል ብሎ እንደከሰሳት ተረከ። ክሩዙ ግን አሁንም ለቀቀ። የፍሬን አምፖሎቹን ቀየረ፤ ለቀቀ። ትንሿን መኪና ከነሽቦዋ ፈታት፤ ያው ነው። እስቲ እኔ ልንዳው ቢል ሆሊስ ሚስቴን ብትጠይቀኝ ይሻላል ብሎ ከለከለው።

የቀረው ከፍሬኑ መርገጫ ላይ ያለው ማብሪያ ነበር። መኪናው ፍሬን ተያዘ ብሎ ካመነ ክሩዙን ወዲያው ይለቃል። ደልበርት የነገራቸው እንዲህ ነው፦ ኦፓል በትንሿ መኪና ከኋላ ትከተል፤ ሆሊስ ሳይረግጥ የፍሬኑ መብራት ከበራ ጥፋቱ የማብሪያው ነው። እሱ ከሆሊስ ጎን ተቀመጠ፤ ለኦፓልም የእጅ ሬዲዮ ሰጧት።

ወጡ። ሁለት ማይል ሳይሄዱ ሁለቱ መብራቶች ቀሉ፤ ቀልተውም ቀሩ።

"በርቷል" አለች ኦፓል በሬዲዮው።

"እግሬ እኮ ወለሉ ላይ ነው" የሚለው የሆሊስ ድምፅ ከወዲያ ተሰማት፤ ደስም ያለው መሰላት። ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ደልበርት ዝም አለ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉርብትና ሰውየው አንድ ማይል ሙሉ ዝም ሲል ሰምታ አታውቅም። መብራቱ ለቅጽበት ጠፋ። መልሶ በራ።

ሲመለሱ ደልበርት ማብሪያው ተቃጥሏል፣ እንዲህ ያለው ዕቃ መሠራት ካቆመ ዘመን የለውም፣ ከአሮጌ መኪና መቃብር እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብሎ ለሆሊስ ማለለት። ኦፓልን ግን ወደ ውጪ ጠራት።

"ማብሪያው ደህና ነው" አላት። "እግሩ ነው። ፍሬኑ ላይ አጋድሞት ወለሉን የረገጠ ይመስለዋል። ጎንበስ ብዬ ጫማውን ገፋ አደረግኩለት፤ አላወቀም።"

"ዛሬ እንኳ ተወኝ ደልበርት። ለቀልድህ ሆድ የለኝም።"

"ቀልድ ቢሆንማ አይጥ አገባበት ነበር።"

ሆሊስ ግን ሦስት ሳምንት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ሰኞ ያለ ክሩዝ እንሄዳለን አለ፤ ጉልበቴ ሲደክም እየቆምኩ አሳርፈዋለሁ አለ። ኦፓል የልብስ መርፌ አወጣች፣ እግሩ ሥር ተቀመጠች፣ የቀኝ እግሩን ካልሲ ገፈፈች።

"ዓይንህን ጨፍን። ሲሰማህ ንገረኝ።"

"ኪሴን ልትበረብሪ ነው?" ብሎ ጨፈነ።

እሷ ሥራዋን ሠራች። ረጅም ጊዜ ጠበቀችው።

"በይ እንጂ" አለ ዓይኑን እንደጨፈነ። "መቼ ነው የምትጀምሪው?"

"ግለጥ።"

ገለጠ። መርፌው ውስጥ እግሩ ላይ እስከ ወገቡ ገብቶ ቆሟል። ከሥሩ አንዲት የደም ጠብታ ወደ ተረከዙ ትወርዳለች። ሆሊስ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ አየው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ከገና በፊት። ስሜቱ ይመለሳል ብዬ ነው" አለ።

"ከገና ወዲህ ስንት ልጆች በፊትህ መንገድ ተሻገሩ?"

ቀስ ብዬ እነዳለሁ አላት፤ በጎን መንገድ፣ ከጭነት መኪኖቹም ኋላ። ሰኞ ግን እንሄዳለን፤ እዚህ ተቀምጬ አልደርቅም አለ።

ኦፓል ተነሣች። ከበሩ አጠገብ የተሰቀለውን የሞተር ቁልፍ ወስዳ ሽንት ቤት ገባች። የጉድጓዱን ክዳን የሚከፍተው ፔዳል ሲረገጥ ተሰማ። የቆሻሻው ታንከር ሳምንት ሙሉ አልተደፋም፤ አንዳች ነገር ወድቆበት ጧ አለ።

ሆሊስ ከሶፋው አልተነሣም።

"መለዋወጫ ቁልፉስ?" አላት ስትወጣ።

"እሱ ነው ቀድሞ የገባው።"

አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መርፌውን ከእግሩ ነቀለ፤ በሱሪው ጠረገና የክር ቀዳዳውን ወደ እሷ አዙሮ አቀበላት፣ እንዳይወጋት ተጠንቅቆ።