የቶማስ ጎማዎች

ለመሆኑ ከለቅሶ ቤት ስትወጡ፣ ተነስቶ ሊመልስላችሁ በማይችል ሰው ላይ ስንት ጥፋት ጭናችሁ ወጥታችኋል?

አምለሰት ፒክአፑን ወደ ኋላ እየነዳች ሜልቦርን ውስጥ ብሬብሩክ ሰፈር ባለው ጎማ ቤት በር ስታስገባው፣ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን አቆሙ። መኪናው ነጭ ነው። የሹፌሩ በር ብቻ ሰማያዊ ነው፤ ከሌላ አሮጌ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ። ባሏ ቶማስ የሞተው የቀድሞው በር ተጨፍልቆበት ነው። ከሞተ ዛሬ ሠላሳ ሰባት ቀኑ። ወደ ማውንት ቡለር ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ማለዳ፣ መኪናው በጎኑ ተንሸራቶ ከዛፍ ጋር ሲላተም የተጨፈለቀው በእሱ በኩል ያለው በር ብቻ ነበር። ሞተሩ አንድ ነገር አልሆነም። ከኋላ የተጫነው የአበባ ጎመን እንኳ ግማሹ ከነሣጥኑ ደህና ነበር። አራቱም ጎማዎች እነዚያው ናቸው።

የጎማ ቤቱ ሠራተኛ አምደሚካኤል ክሪኩን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ነድቷል፤ ጎጃምን በጭቃ፣ ሊማሊሞን በጉም ያውቃቸዋል። እዚህ ከመጣ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ መሪ የሚጨብጠው የሰው መኪና ከግቢ ሲያስወጣና ሲያስገባ ብቻ ነው፤ ሥራው የሰው ጎማ መፍታትና ማሰር ነው። ቢሆንም በምዕራብ ሜልቦርን የሚኖር ሐበሻ መኪና ሊገዛ ሲያስብ ከባንኩ በፊት እሱ ዘንድ ይሄዳል። ሞተሩን ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል፣ ጎማውን በጫማው ይመታል፣ ከዚያ “ይሆናል” ወይም “አይሆንም” ይላል። ይግባኝ የለም።

“አምለሰትዬ፣ በዚህ ብርድ ምን አወጣሽ? ብትደውዪልኝ እኔው መጥቼ እወስደው አልነበር?”

“ጎማ ላስቀይር ነው ጋሼ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራውን እኔ ልይዘው ነው።”

“የትኛውን ሥራ?”

“የቶማስን ነዋ።”

“ተራራ ልትወጪ? አንቺ?”

“ባለፈው ዓመት ወገቡን ሲያመው ሁለቴ የወጣሁት ማን መሰለዎት? ሸርተት እንኳ አላለኝም። ያኔ የነበሩት ጎማዎች ግን ሌሎች ነበሩ።”

አምደሚካኤል ክሪኩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መልሶ አነሳው።

የቶማስ ሥራ ሁለት ጠባይ ነበረው። ዌሪቢ ካሉት የአትክልት እርሻዎች ጎመን፣ አበባ ጎመንና ሰላጣ ይጭናል፤ ዝናብ ሲጥል በመደቦቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጭቃው መኪና ይውጣል። ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል በአስፋልት ተጉዞ፣ ክረምት ላይ በረዶ ሊንሸራተቱ ለሚመጡ ሰዎች ምግብ የሚያበስሉት የተራራው ሆቴሎች ዘንድ ያደርሳል። እዚያ መንገዱ ማለዳ ማለዳ ውርጭ ይለብሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጭቃውንም የሚቧጥጥ፣ በረዶውንም የማይከዳ ጎማ ነበር። ያንን ፍለጋ ነው በሜይ ወር፣ በፈረንጆች 1997፣ ወደዚህ ግቢ የመጣው።

የጎማ ቤቱ ባለቤት ስፒሮ የሚባል ግሪክ ነው። ያን ቀን የጥያቄውን ጫፍ ሰምቶ ወደ ውስጥ ገባና አንድ ጎማ እያንከባለለ ወጣ። የጎማው ጥርስ መለስተኛ ነው፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ በምላጭ የተበጣ የሚመስል ቀጫጭን ስንጥቅ አለ። ላስቲኩ በብርድ አይደርቅም። ጎኑ ላይ ኤም እና ኤስ የሚሉ ሁለት ፊደላት ታትመውበታል፤ ለጭቃና ለበረዶ ማለት ነው። አምደሚካኤል ጣልቃ ገብቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ትልቅ ጥርስ ያለው ይሻላል አለ። ስፒሮ ሳቀ፤ “አይደለም ወዳጄ፣ አንተ የምታውቀው ጭቃ ነው። በረዶ ሌላ ነው” አለው። በቶማስ ፊት።

አምደሚካኤል ወዲያው ወደ አማርኛ ዞረ።

“ተወው ይሄን። ለስላሳ ላስቲክ ሸጦልህ በዓመቱ ተበልቶ ስትመለስ ሌላ ሊሸጥልህ ነው። ይኸውልህ ጎማ!” ብሎ ከጥጉ የቆመውን የጭቃ ጎማ በመዳፉ መታው። ጥርሶቹ ጡብ ያህላሉ፤ በመካከላቸው ቡጢ ይገባል።

“ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ነው የአዞ መንጋጋ?” አለ ቶማስ እየሳቀ።

“አዞ የነከሰውን ሲለቅ አይተህ ታውቃለህ?”

ተሳሳቁ። ስፒሮም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ቢሮው ገባ። ገዢው መርጧል።

የጭቃ ጎማ ጭቃ ላይ ንጉሥ ነው። በረዶ በያዘው አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው ጥቂቱ ጥርስ ብቻ ነው፤ ላስቲኩም ብርድ ሲመታው እንደ እንጨት ይደርቃል። ይህ የተሰወረ እውቀት አልነበረም። በስፒሮ ቢሮ ግድግዳ ላይ በሥዕል ተለጥፏል፤ አምደሚካኤል ሰባት ዓመት ሙሉ ሥሩ ቁጭ ብሎ ምሳውን በልቷል።

አሁን አምለሰት በተከፈተው የቢሮ በር ያንኑ ሥዕል አየች። ስፒሮ ባርኔጣውን አውልቆ ወጣና ሳታስረዳው ገባው። ያንን ባለ ስንጥቅ ጎማ አንከባሎ አመጣላት።

“በአውራ ጣትሽ ተጫኚው” አላት። “አሁን ደግሞ ያኛውን።”

ተጫነች። የመጀመሪያው ትንሽ ሰረጎደላት። ከመኪናው ሥር ያለው ግን፣ ሌሊቱን በውርጭ ስላደረ፣ ድንጋይ ነው። ጥፍሯ ታጠፈ። ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

“ይኼኛውን” አለች። “አራት። አምስተኛም ለስኮርታ።”

ስፒሮ ሊያወጣ ገባ። አምደሚካኤል ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማውን ብሎኖች መፍታት ጀመረ።

“ጋሼ።”

“አቤት።”

“በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ‘ጠጥቶ ነበር አሉ’ ሲባል እርስዎ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።”

የመጀመሪያው ብሎን ወለሉ ላይ ወደቀ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በአደጋው ዋዜማ የክርስትና ድግስ ነበር። ቶማስ በሌሊት ስለሚነሳ ፋንታ ጠጥቶ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ወደ ቤቱ ገብቷል። ግን ድግሱ ላይ ታይቷላ! ማን ፋንታ ይቆጥራል? በሦስተኛው ቀን አንዷ ሴት በሹክሹክታ ወረወረችው፤ ሌላው ተቀበለው፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ወደ አምደሚካኤል ዞሮ፣ “አንተ እንኳ ሹፌር ነህ፤ ምን ይመስልሃል?” አለው። እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ያን ጊዜ ነበር። አምደሚካኤል ግን አቀርቅሮ፣ “ልጅነት ነው፤ ልጅ ይፈጥናል። ምን ይባላል” አለ። አዋቂ ተናገረ ተባለ። ያን ማታ ወሬው በየመኪናው ተሳፍሮ በየቤቱ ገባ።

አምለሰት ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣች።

“ይሄ ከአሟሟት መርማሪው ቢሮ የመጣ ነው። ደሙ ውስጥ ምንም መጠጥ የለም ይላል። ፍጥነቱም ከተፈቀደው በታች ነበር ይላል። ጎማው ግን ለመንገዱ የማይሆን ነው ይላል። ለሰው ላሳይ ብል ሁሉም ‘ተይው፣ አምላክ ያጽናሽ’ እያለ ይሸሸኛል። የተጻፈ ነገር ማን ያነባል? ሰው የሚያምነው የእርስዎን አፍ ነው።”

“እኔ እኮ ጠጣ አላልኩም፣ አምለሰት።”

“አላሉም። አልጠጣምም አላሉም።”

አምደሚካኤል ብሎኑን ትቶ ያረጀ ቸርኬ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

“ባለፈው እሑድ ልጄ ማሂ ከሰንበት ትምህርት ስትመለስ” አለች አምለሰት፣ “መኪና ውስጥ በእንግሊዝኛ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ያውቃሉ? ‘አባዬ የሞተው ሰክሮ ነው?’ አለችኝ። አሥር ዓመቷ ነው። አልጠጣም አልኳት። ‘ታዲያ ለምን ሁሉም እንደዚያ ይላሉ?’ አለች። ምን ልበላት?”

“እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናግሬያለሁ። አንድ ሳልደብቅ።”

“ለንስሐ አባትዎ የተናገሩት ለእርስዎ ነፍስ ነው። ለቶማስስ ማን ይናገርለት?”

ሰውየው ዓይኑን በጓንቱ ጀርባ ጠረገ፤ ፊቱ በግራሶ ጠቆረ።

“አንድ ነገር አለ፤ አንቺ የማታውቂው። ከመሞቱ በፊት ባለው ሳምንት መጥቶ ነበር። እዚህ፣ የቆምሽበት ላይ። ‘ጋሼ፣ ማለዳ ላይ ይንሸራተታል፤ ፍሬን ስይዝ አይሰማኝም’ አለኝ።”

“ምን አሉት?”

“አየሩን ቀንስለት፤ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል አልኩት።”

“ለስፒሮ ለምን አልነገሩትም?”

“እንዴት ልንገረው?” አለ አምደሚካኤል። “በሰው ፊት ‘አታውቅም’ ብሎኝ፣ ሄጄ ‘አዎ አላውቅም’ ልበለው? ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ወለል እጠርጋለሁ፤ የሚያከብረኝ ቢኖር የአገሬ ሰው ነው። ቶማስም ‘እሺ ጋሼ’ አለኝ። ‘እሺ ጋሼ’ ብሎ ሄደ። አመነኝ።”

አምለሰት ሰማያዊው በር ላይ ተደገፈች። ያቺ “እሺ ጋሼ” በጆሮዋ መጣች፤ ድምፁ፣ ትሕትናው፣ ለታላቅ ጎንበስ የሚለው ነገሩ። ማግባት ስታስብ የወደደችለት ጠባዩ ይኸው ነበር። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም።

ስፒሮ ጎማዎቹን ይዞ ሲመጣ ሁለቱን አየና በሌላኛው በኩል ራሱ መፍታት ጀመረ። አምደሚካኤልም ተነስቶ የበኩሉን ቀጠለ። ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። የጭቃ ጎማዎቹ አንድ በአንድ ወርደው ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። በአንደኛው ጥርሶች መካከል የዌሪቢ ጭቃ ደርቆ ተሰክቷል፤ ከጭቃው ጋር የጎመን ቅጠል ቅዳጅ አለ።

“ሒሳቡ የእኔ ነው” አለ አምደሚካኤል ቀና ሳይል። “እባክሽ። ይህችን እንኳ ልክፈል።”

“አይከፍሉም።”

“እንግዲያው እሑድ ለአርባው እመጣለሁ። አልጠጣም ብዬ እናገራለሁ፤ ጎማው ነው እላለሁ። በመስቀሉ።”

“ጎማው ማነው? ጎማው በራሱ እግር ሄዶ ነው መኪናው ሥር የገባው?”

አምለሰት ለስፒሮ ከፈለች። ስፒሮ የድሮዎቹን ጎማዎች እሱው እንደሚያስወግድላት ነገራት። ራሷን ነቀነቀች፤ ሦስቱን ይውሰድ፣ አንዱ ይቅርላት። ግድግዳው ሥር ወዳለው፣ የጎመን ቅጠል ወደያዘው ጎማ ሄዳ እጇን ጫነችበት።

“ይሄን ከኋላ ጫኑልኝ።”

“ምን ሊሠራልሽ ነው?” አለ አምደሚካኤል።

“ይጫኑት።”

ጎማውን አቀፈው። ከባድ ነበር፤ ስፒሮ ሊያግዘው ሲል በዓይኑ ከለከለው። ብቻውን አንስቶ ፒክአፑ ላይ አወጣው፤ ከዚያ የጭነቱን ጠርዝ ይዞ ትንፋሹን እየሳበ ቆመ። አምለሰት ሰማያዊውን በር ከፍታ ገባች፤ መስታወቱን አወረደች።

“እሑድ ቅዳሴው አልቆ ለአርባው ሰው አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ይሄን ጎማ መሃል ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቅጠሉንም አላወጣውም። ማሂ ከፊት ትቀመጣለች። ያቺ ያወራችው ሴትዮም፣ የጠየቀዎትም ሽማግሌ፣ ሁሉም ይኖራሉ። ማንንም አልሰድብም፤ የእርስዎንም ስም አልጠራም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ይሄን ጎማ ለቶማስ ማን መረጠለት? ይንሸራተታል ብሎ ሲመጣስ ማን መለሰው?” ሞተሩን አስነሳች። “ጋሼ አምደሚካኤል፣ ከመቀመጫዎ ተነስተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለልጄ ይመልሱላት።”