ድንጋዬ አለቱ ላይ ነው

አቶ ገብረማርያም ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ፌስቡክ ጀመሩ፤ ጀምረውም አገሩን አመሱት።

ሰውየው ተራ ሰው አይደሉም። ፓርቲያቸውን ከመሠረቱት ሰባት ሰዎች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ምክር ቤት ገብተዋል፤ ዛሬም የክብር ሊቀመንበር ናቸው። ገጹን የከፈተችላቸው የልጅ ልጃቸው ሃኒ ናት። ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ስለሆነች፣ አያቷ ስለ ሰላም ምክር ቢጤ ጣል ያደርጋሉ ብላ አስባ ነበር። «አባባ፣ ይኼ ማለት ሰው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው» ብላ አስረዳቻቸው። እሳቸውም ማክሰኞ ጠዋት፣ «አልፌያለሁ። ድንጋዬ አለቱ ላይ ነው።» ብለው ጻፉ። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ፣ «ዛሬ ጉም ነው። በእጅህ ዳብሰው።» ዓርብ ደግሞ ከጭቃማ ጫማቸው ፎቶ ጋር፣ «ሦስተኛው ኩርባ። አልፌያለሁ።»

አርባ ሺህ ተከታይ ሥራ ፈታ። አንዱ አለቱ ሕዝቡ ነው አለ፤ ሌላው ሦስተኛው ኩርባ አዲስ ጥምረት ነው ብሎ ማለ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ በቪዲዮ የተነተነም አልጠፋ። መቼም ምርጫ ሲቃረብ እኛ አገር ፖለቲከኛ ቢያስነጥስም ትርጉም ይወጣለታል።

ቅዳሜ ዕለት የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ዓምደ ሚካኤል ሃኒ ዘንድ ደወለ።

«ሃኒ፣ ጋሼን እንደምንወዳቸው ታውቂያለሽ። ግን እስከ ሰኞ ማታ ገጹ ይዘጋ። ‹በዕድሜ ምክንያት ከአደባባይ ርቀዋል› የሚል አጭር ስቴትመንት አንቺው ጻፊልን። ኮሜንቱን አይተሽዋል አይደል?»

አይታዋለች። «ሽማግሌው ጃጁ» የሚለውንም ጭምር። አያቷ የመንደር መሳቂያ ከሚሆኑ ገጹ ጥርቅም ብሎ ቢዘጋ ይሻላል ብላ ስቴትመንቱን ስልኳ ላይ ጻፈች።

እሑድ ጠዋት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤታቸው ስትደርስ፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ስልክዎን ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«ትወስጃለሽ። በፊት ከኔ ጋር ዳገቱን ውጪ።»

ወጡ። ስፖርተኞች በሩጫ አለፏቸው፤ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ወረዱ። አቶ ገብረማርያም በየእርምጃው እየቆሙ፣ በልጅነታቸው ምንጭ የነበረበትን፣ ጅብ ያሳደዳቸውን ቦታ ያሳዩዋታል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ደረት የሚደርስ አለት አለ፤ አናቱ ላይ ጭብጥ የምታክል ድንጋይ ተቀምጣለች። ድንጋይዋን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«የትናንትናዋ ናት። አላወረዳትም።»

«ማን?»

«ቶሌሳ።» አለቱን ተደግፈው ቆሙ። «የኔ አባት እዚህ በላይ ደብር ያገለግላል፤ የሱ አባት ከተራራው ወዲያ ያርሳል። ትምህርት ቤት ስንወርድ መንገዳችን እዚህ ይገጥማል። ሰዓት የሚባል የለን! ቀድሞ የደረሰ ጥቂት ጠብቆ፣ ጓደኛው ከዘገየ ድንጋይ አስቀምጦ ያልፋል፤ የኋለኛው ድንጋዩን አውርዶ እየሮጠ ይደርስበታል። ድንጋይ ከሌለ ጓደኛህ አልመጣምና ትጠብቀዋለህ። ስምንት ዓመት አንድ ቀን አልተዛነፍንም። አቤት፣ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!»

«ከዚያስ?»

«በስልሳ ዘጠኝ ሁለታችንም ተፈለግን። ጎህ ሲቀድ እዚህ ተገናኝተን በሱሉልታ ልንወጣ ተማማልን። እኔ ፈራሁ፤ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ቶሌሳ በዚያው ቀን ተይዞ ሰባት ዓመት ታሰረ። ድንጋይ አጥቶ እኔን ሲጠብቅ ነው የያዙት፣ ሃኒዬ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ለማየት አልደፈርኩም። ዛሬ ይኑር ይሙት አላውቅም።»

«ታዲያ በስሙ ለምን አይጠሩትም?»

«በምን አፌ? ድንጋዬን ካየ ያውቀዋል። ከፈለገ ያወርደዋል፤ ካልፈለገ ትቶኝ ያልፋል። ሰው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው አላልሽኝም?»

ሃኒ እንባዋ መጣ። አገር የተነተነው ምስጢር ይኼ ነበር። ስልኳን አውጥታ ስቴትመንቱን አጠፋች። ከዚያ አያቷን አስፈቅዳ፣ የቶሌሳን ስምና የድንጋዩን ነገር ከነፎቶው በአያቷ ገጽ ላይ ጻፈች። ዓምደ ሚካኤል አምስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳችም።

አመሻሹ ላይ፣ ከስድቡና ከትንተናው መሀል ዳርቱ የምትባል ሴት ጻፈች፦ «አባቴ ነው። ያለነው ጉርድ ሾላ ነው። ሳነብለት አለቀሰ። ነገ ከሰዓት ኩርባው ላይ አመጣዋለሁ።»

ሰኞ ከሰዓት ዳርቱ መኪናዋን ኩርባው አጠገብ አስፋልቱ ዳር አቆመች። ቀጭን ረጅም ሽማግሌ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ከሃኒ ጋር አለቱ አጠገብ ይጠብቁ የነበሩት አቶ ገብረማርያም ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ተጠጓቸው።

«አካም ጅርታ፣ ቶሌ» አሉ በኦሮምኛ ሰላምታ። «ያን ቀን...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አሉ ቶሌሳ። «ያን ቀን ብዙ ጠበቅከኝ?»

«እኔ?»

«ፈርቼ ቀረሁ፣ ገብሬ። የአጎቴ ጎተራ ውስጥ ነው የያዙኝ። አንተ እዚህ በብርድ ቆመህ ትጠብቀኛለህ እያልኩ ነው ሰባቱን ዓመት የጨረስኩት። ኋላም በቴሌቪዥን ስትመጣ ተነስቼ እወጣ ነበር። በየት ዓይኔ ልይህ?»

«እኔም አልመጣሁም እኮ!» ብለው ጮኹ አቶ ገብረማርያም።

ለካ ያን ጠዋት ኩርባው ላይ ማንም አልነበረም። ሃኒ ከጉርድ ሾላ መሥሪያ ቤቷ ወደ አያቷ ቤት በታክሲ የምትመላለስበትን መንገድ አሰበች፤ ያችን ታህል መንገድ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አልተሻገሯትም። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከዚያ ቶሌሳ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከአለቱ ላይ አወረዱት።

የሃኒ ስልክ ጮኸ፤ ዓምደ ሚካኤል ነው። አቶ ገብረማርያም ስልኩን ከእጇ ተቀበሉ።

«ልጄ፣ አሁን ገጹን ዝጉት» አሉት። «ሰውየው መጥቷል።»